ወረርሽኝ ሲመጣ አስቤዛ ከየት ይገዛ? ገበያ፣ የሰፈር ሱቅ፣ ቴሌግራም ወይስ አፕ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አርብ ነበር። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው ያን ቀን ነው። በማግስቱ ሰፈራችን ወዳለው ሱቅ ብቅ አልኩ። ሎሚ አልቋል። ነጭ ሽንኩርት አልቋል። ዝንጅብል አለ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ባለሱቁን «ምነው?» ብለው፣ «እኔም ያመጣሁት በዚሁ ሂሳብ ነው» አለኝ። እውነቱን ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲ የሚጭነው ሰው በግማሽ ቀነሰ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። እኛ ቤት ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳ ጀመር፦ ወጥተን እንግዛ ወይስ ይምጣልን?

እህቴ የአፕ ሰው ናት። ስልኳ ላይ ሁሉም ነገር አለ። እማዬ «ሳላይ፣ ሳልነካ ሽንኩርት አልገዛም» ባይ ናት። እኔ መሀል ቤት ሆኜ ሁለቱንም ሞከርኩ። ተጠቀምኩም፣ ተበላሁም።

ዓለም በሙሉ ያን ሰሞን ወደ ኦንላይን ሮጧል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ በሰባት አገሮች ላይ ያወጣው አሃዝ አለ። ከጠቅላላው የችርቻሮ ሽያጭ የኦንላይኑ ድርሻ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020፣ ከ16 በመቶ ወደ 19 በመቶ ከፍ ብሏል። ደቡብ ኮሪያ ላይ ከአራት ግብይት አንዱ ኦንላይን ሆኖ ነበር። እኛ ጋ ግን «ኦንላይን» ማለት ሌላ መልክ አለው። ቴሌግራም ቻናል ነው። ለባለሱቅ መደወል ነው። ዋሽንግተን ያለች አክስት በካርዷ ከፍላ የምትልከው በግ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩም በእኛው ልክ መሆን አለበት።

መለኪያው ይቅደም

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ። ሰው በወረርሽኝ ጊዜ ከየት እንደሚገዛ የሚወስኑት ነገሮች ብዙ ናቸው። ሚዛን የሚደፉት ግን ስድስት ይመስሉኛል።

አንደኛው፣ ከስንት ሰው ጋር ያነካካኛል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ተሳስተን ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የወጣ ጥናት ቫይረሱ ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ ካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት እንደሚገኝ አሳየ። ከዚያማ ፌስታል በበረኪና ማጠብ ተጀመረ። እኛ ቤት የፓስታ ማሸጊያ ሳይቀር ታጥቧል። ዓመት ካለፈ በኋላ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እቃ ነክቶ የመያዝ ዕድል በጥቅሉ ከ10 ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም አለ። አደጋው የነበረው እቃው ላይ ሳይሆን ሰው የታጨቀበት ዝግ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደፊትም ቢሆን፣ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ከሆነ፣ መቁጠር ያለብን የነካነውን እቃ ሳይሆን አብረን የተነፈስነውን ሰው ነው። በሌላ መንገድ የሚተላለፍ በሽታ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ይለወጣል። ኮሌራን በዚህ መለኪያ መገመት አይቻልም።

ሁለተኛው ሙሉ ወጪ ነው። ዋጋ አላልኩም፣ ሙሉ ወጪ። የእቃው ዋጋ፣ የታክሲው፣ የዲሊቨሪው፣ የባከነው ሰዓት፣ የቀረው ምርቃት። አዎ፣ ምርቃትም ይቆጠራል። ጉሊት ላይ «እስቲ ምርቃት ጨምሪልኝ» ብለው የሚያገኟት ሁለት ቲማቲም አፕ ላይ የለችም።

ሦስተኛው፣ እቃውን አይቼ ነው ሳላይ የምከፍለው? አራተኛው፣ ቢበላሽ ወይም ቢቀየር ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል? አምስተኛው፣ ኔትወርክ ቢጠፋስ? ይሄ ቀልድ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሳምንታት አልተመለሰም። ወረርሽኙ ግን በዚያ ሁሉ መሀል ሥራውን ይሠራ ነበር። ስድስተኛው፣ ቤት ውስጥ ካለነው ማን ሊጠቀምበት ይችላል? እህቴ ሥራ ስትገባ እማዬ ብቻዋን ማዘዝ ካልቻለች አማራጩ የእህቴ እንጂ የቤታችን አይደለም።

ከስድስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል አራተኛውን እይዛለሁ። ሰው ፈርቶ ኦንላይን አንድ ጊዜ ይገዛል። ሁለተኛ ጊዜ የሚመለሰው ግን የመጀመሪያው ላይ ካልተበላ ነው።

በአካል መሄድ፦ ጉሊት፣ ገበያ፣ ሱፐርማርኬት

ሦስቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ልክ አይደለም። ጉሊት ክፍት አየር ላይ ነው። ሻጯም ገዢውም ውጭ ናቸው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆመው ይገዛሉ፣ ይሄዳሉ። ከመነካካት አንጻር ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ደህና ነው። መርካቶ ሌላ ነው፤ ክፍት ቢሆንም ግፊያው አያፈናፍንም። ሱፐርማርኬት ደግሞ ያን ጊዜ በር ላይ እጅ ያስታጥብ፣ ሙቀት ይለካ ስለነበር ንጹህ ይመስላል። ግን ዝግ ቤት ነው፤ ካሸር ፊት ሰልፍ አለ። ንጽሕና እና አየር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ዋጋ ላይ በአካል የሚሄደውን የሚያክለው የለም። ይከራከራል፣ ይመርጣል፣ ካልጣመው ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም። ጉዳቱ መንገዱ ላይ ነው። እጥፍ ታሪፍ ከፍሎ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ አትክልት ተራ ወርዶ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ይዞ የሚመለስ ሰው ያተረፈው ምንም የለም። ሃያ ኪሎ ከሆነ ወይም ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ ከሆነ ሂሳቡ ይቀየራል። መሄድ ካለብዎ በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ ከቤት አንድ ሰው ብቻ፣ ዝርዝር ተጽፎ። ዛሬ በየሰፈሩ ያለው የእሁድ ገበያ ውጭ ላይ በመሆኑ ለዚህ ይመቻል፤ ረፋዱ ላይ ሲጨናነቅ ግን ተራ ገበያ ነው።

ለሰፈር ሱቅ መደወል

ስለ ኦንላይን ግብይት በሚጻፍ ጽሑፍ ላይ ይሄ አማራጭ አይጠቀስም። ለእኔ ግን የዚያ ዘመን ጀግና ይሄ ነው። ስማርት ስልክ አይፈልግም፣ ዳታ አይፈልግም። እማዬ ትደውላለች፦

«የኔ ልጅ፣ ዘይት መጥቷል?»

«መጥቷል እትዬ። ባለ ሦስቱ ነው ባለ አምስቱ?»

«ባለ ሦስቱን። ሁለት ሳሙና ጨምርበትና በልጁ ላክልኝ። ሂሳቡን ቅዳሜ።»

አለቀ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ልጁ በር ላይ ነው። እቃው ካልተስማማ እዚያው ይመልሰዋል። ባለሱቁ ነገም እዚያው አለ፣ እኛም እዚያው አለን። ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም። በዚያ ላይ ዱቤ አለ። ደመወዝ በዘገየበት፣ ሥራ በቆመበት ወር ዱቤ የሚሰጥ አፕ አላጋጠመኝም።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ምርጫው ጠባብ ነው። ዋጋው ከገበያ ከፍ ይላል። እቃ ሲጠፋ ደግሞ ባለሱቁ ለደንበኛው ሲል ይደብቃል፤ ደንበኛ ካልሆኑ «የለም» ነው መልሱ። የዱቤ ደብተሩንም አይርሱት። በእሱ ደብተር የተጻፈውን በእርስዎም ስልክ ይመዝግቡ። በወሩ መጨረሻ «ይሄን መቼ ወሰድኩ?» የሚባል ጭቅጭቅ ይቀራል። እቃው ከመምጣቱ በፊት ዋጋ በስልክ ይጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም።

የቴሌግራም፣ የኢንስታግራምና የቲክቶክ ሻጮች

አሁን የተበላሁበት ጋ ደረስን።

ግንቦት 2012 ላይ ነው። ቤት ተቀምጬ ጁስ መጠጣት አማረኝ። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ብሌንደር አየሁ። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ከሱቅ ያንሳል፣ አባላቱ ብዙ ሺህ ናቸው። «ሙሉ ክፍያ ቅድሚያ፣ በሽታው ስላለ እጅ በእጅ አንቀበልም» አሉኝ። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር። በባንክ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን የመጣው ሌላ ብሌንደር ነው። ስሙም፣ መጠኑም፣ ክዳኑም ሌላ። ስጽፍላቸው «ፎቶው ለማሳያ ነው» አሉኝ። ደግሜ ስጽፍ ብሎክ ተደረግሁ። ሱቅ የላቸውም፣ ደረሰኝ አልሰጡኝም። የት ብዬ ልክሰስ? ብሌንደሩ በሁለት ወሩ ተቃጠለ።

እንዲህ ስል ሁሉም አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም። ወረርሽኙ ላይ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ቴሌግራም የገቡ ጨዋ ነጋዴዎች ነበሩ። እህቴ ከአንዷ ጫማ ሻጭ እስከ ዛሬ ትገዛለች። ልብስና ጫማ፣ የስልክ እቃ፣ የቤት እቃ ላይ ይሄን አማራጭ የሚያህል ምርጫ ያለው የለም። ጣጣው ጨዋውንና ሌባውን በመለየት ላይ ነው። ከተበላሁ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ።

ቻናሉን ወደ ላይ እስከ መጀመሪያው ፖስት እገፋለሁ። መቼ እንደተከፈተ ይታያል። የአባላቱን ቁጥር ከእያንዳንዱ ፖስት እይታ ጋር አነጻጽራለሁ። 40 ሺህ አባል ኖሮት 300 ሰው ብቻ የሚያየው ቻናል አባላቱን ከየት እንዳመጣቸው መገመት ከባድ አይደለም። አስተያየት መስጫው ከተዘጋ እጠረጥራለሁ። የእቃውን ቪዲዮ እጠይቃለሁ፤ ወረቀት ላይ የዛሬ ቀንና የኔ ስም ተጽፎ አጠገቡ እንዲቀመጥ። እቃው እጁ ላይ ያለ ሻጭ ይሄን ለማድረግ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። የሌለው «አታምነኝም እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ዋጋ «በውስጥ መስመር» የሚሉትን እዘላቸዋለሁ። ይሄ የግል አመል ነው፣ ልትቃወሙኝ ትችላላችሁ። ዋጋውን እንደ ጠያቂው ሰው የሚተምን ሻጭ ደስ አይለኝም።

ክፍያው ደግሞ አይቶ መክፈል ነው። ሻጩ ሙሉ ቅድሚያ ካለ፣ ቢበዛ ቀብድ፤ ያውም የዲሊቨሪውን ዋጋ ያህል። በሽታ ስላለ ብር መንካት አልፈልግም ካለ እቃውን በር ላይ አይቼ እዚያው በስልኬ አስተላልፋለሁ። ንክኪ የለም፣ እምነት የሚጠይቅም የለም። ያኔ ይሄ መልስ ቢመጣልኝ ኖሮ በብሌንደሩ አልበላም ነበር።

የዲሊቨሪ አፕና ድረ ገጽ

አፕ ከቴሌግራም የሚለየው በመሀል ተጠያቂ ድርጅት መኖሩ ነው። ንግድ ፈቃድ አለው፣ ቢሮ አለው፣ የሚደወልበት ቁጥር አለው። ትዕዛዙም ተመዝግቦ ይቀመጣል። እቃ ቢጎድል የሚከራከሩበት ነገር ይኖርዎታል።

ዋጋውን ግን በደንብ ይደምሩ። ሦስት ቦታ ላይ ይከፍላሉ። አንዳንዱ እቃ አፕ ላይ ከሱቁ ዋጋ ከፍ ብሎ ይለጠፋል። የአገልግሎት ክፍያ ይኖራል። ዲሊቨሪ አለ፤ በርቀት የሚጨምር። እንበልና የ400 ብር እቃ አዘዙ፣ ዲሊቨሪው 100 ብር ሆነ። ለእያንዳንዱ አራት ብር አንድ ብር ለመንገድ ከፈሉ ማለት ነው። ያው ዲሊቨሪ በ3,000 ብር አስቤዛ ላይ ብዙም አይሰማም። ስለዚህ አፕ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠቅለል አድርጎ ለሚያዝ እንጂ ትናንት ዳቦ፣ ዛሬ ወተት ለሚል ቤት አይሆንም።

አድራሻ ሌላው ፈተና ነው። የቤት ቁጥራችንን ራሳችንም አናውቀውም። «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ሰማያዊ በር» የሚለውን ካርታ አያውቀውም። ልጁ በስልክ አራት ጊዜ ይደውላል፣ እርስዎም መንገድ ድረስ ይወጣሉ። አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሳይክል ከሐምሌ 2011 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ስለማይንቀሳቀስ ብዙ እቃ የሚመጣው በብስክሌት ነው። ዝናብ ሲሆን ይዘገያል፣ ዳገት ላይ ያለ ሰፈር ደግሞ የበለጠ። መፍትሔው ሎኬሽን በቴሌግራም መላክና አንድ ጊዜ የመጣውን ልጅ ስልክ መያዝ ነው።

አፕ ላይ ሌላ የሚያናድድ ነገር አለ። ያዘዙት ሲያልቅ ሌላ ይተካሉ። «ካለቀ ደውሉልኝ፣ አትተኩ» ብለው ማስታወሻው ላይ ይጻፉ።

ክፍያን በተመለከተ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት የነበረውና አሁን ያለው አይገናኝም። ያኔ ሲቢኢ ብርን የመሳሰሉ ነበሩ እንጂ ቴሌብር ገና አልተወለደም። የመጣው ግንቦት 3 ቀን 2013 ነው። መስከረም 2013 ላይ የብር ኖት ሲቀየር ፍራሽ ስር ያስቀመጠ ሁሉ ባንክ ሄዶ ሂሳብ ከፈተ፤ ያም ሰውን ከካሽ ትንሽ አላቀቀው። ዛሬ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ (አያምጣውና) ንክኪ የሌለው ክፍያ ችግር የሚሆን አይመስለኝም። ኔትወርኩ ከሠራ ማለቴ ነው።

ውጭ ያለ ዘመድ ሲከፍል

የ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር። ከቤት አትውጡ በተባለበት ሰሞን ውጭ ያሉ ልጆች ለእናት አባታቸው በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ኬክ በድረ ገጽ እየከፈሉ ላኩ። እነሱ በዶላር ወይም በዩሮ በካርድ ይከፍላሉ፣ እዚህ ያለው ድርጅት ያደርሳል። አክስቴ የላከችው በግ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በር ላይ ቆሞ ሲጮህ እማዬ የማን እንደሆነ ሳታውቅ ልትመልሰው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር፦ ሰርፕራይዝ ይቅር፣ ደውላችሁ ተናገሩ።

ሁለተኛው ምክር፣ ዋጋውን ወደ ብር ቀይራችሁ እዚህ ያለ ሰው ጠይቁ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ገንዘቡን መላኩ ይሻላል፤ ባለሱቁም ያምጣው፣ ጎረቤትም ያምጣው። ነገር ግን ተቀባዩ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ከሆነ፣ የሚላላክለት ከሌለው፣ ልዩነቱን ለአገልግሎቱ እንደከፈላችሁ ቁጠሩት። ሲደርስ ፎቶ የሚልክ ድርጅት ምረጡ። እቃው ቢበላሽ የሚከራከረው ከፋዩ ስለሆነ ደረሰኙ እሱ ጋ መቀመጥ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

ባጭሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት እቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ወረርሽኙ በገባበት ዓመት ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ፤ በኦንላይን የሚደረግ ውልና መልእክት በሕግ ፊት ቦታ እንዲኖረው አደረገ። ማለትም የቻት ልውውጣችሁን አታጥፉ። የባንኩን ኤስኤምኤስም። ግን ሻጩ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ አዋጁ በማን ላይ ይፈጸማል? ስለዚህ ደረሰኝና አድራሻ ከእቃው በፊት ይጠየቃል።

ባንድ እይታ

| መለኪያ | ጉሊትና ገበያ | ሱፐርማርኬት | የሰፈር ሱቅ በስልክ | ቴሌግራም ሻጭ | አፕ | ከውጭ የሚከፈል |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ከሰው መነካካት | ጉሊት መካከለኛ፣ መርካቶ ከፍተኛ | ከፍተኛ፣ ዝግ ስለሆነ | በጣም ትንሽ | ትንሽ | ትንሽ | ትንሽ |
| ሙሉ ወጪ | ቅርብ ከሆነ ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ይለያያል | ለትንሽ ትዕዛዝ ውድ | ውድ |
| አይቶ መግዛት | አዎ | አዎ | በር ላይ | ከተስማሙ ብቻ | በር ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከከፈሉ በኋላ | የለም |
| ገንዘብ መመለስ | እዚያው ካልሆነ ከባድ | ደረሰኝ ካለ ይቻላል | ቀላል | በጣም ከባድ | ይቻላል፣ ጊዜ ይወስዳል | ከፋዩ ከተከራከረ |
| ኢንተርኔት ሲጠፋ | ይሠራል | ይሠራል | ይሠራል | ይቆማል | ይቆማል | ይቆማል |
| ዱቤ | ለደንበኛ አልፎ አልፎ | የለም | አለ | የለም | የለም | የለም |
| ለአረጋዊ ምቹ | አይደለም | አይደለም | በጣም | አይደለም | ሰው ካገዘ | አዎ፣ አስቀድሞ ከተነገረ |

እቃውስ?

ሰንጠረዡ የማይናገረው አንድ ነገር አለ። ከየት እንደምንገዛ የሚወስነው ምን እንደምንገዛም ጭምር ነው። የታሸገ ነገር፣ ማለትም ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ዳይፐር፣ የትም ቢገዛ ያው ነው። ማየት አያስፈልገውም። ይሄ ከአፕ ወይም ከሱቅ ይምጣ።

ጤፍ ግን ሌላ ነው። ማኛ ተብሎ ምን ምን እንደሚቀላቀልበት የሚያውቅ ሰው በፎቶ አይገዛም። በርበሬና ቅቤም እንደዚያው። ቅቤ ውስጥ ሙዝ ተደባልቆ የተሸጠበት አገር ነው። እነዚህን በዓመት ወይም በወር አንዴ አይቶ፣ ቀምሶ፣ ብዛት ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል። አንድ ጊዜ ወጥተው ለወራት አለመውጣት ማለት ነው። አትክልት መሀል ላይ ነው፦ ድንችና ሽንኩርት ቶሎ ስለማይበላሹ ሳያዩ ቢገዙም ብዙ አይጎዱም፣ ቲማቲምና ሙዝ ግን ከጉሊት።

መድኃኒት ከቴሌግራም አይገዛም። በዚህ ላይ አልከራከርም። ማስክ፣ ሳኒታይዘር፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት አይግዙ። ዋጋቸው የፍርሃት ዋጋ ነው። እጅን በሳሙና መታጠብ ከሁሉም ረክሶ የተገኘው መከላከያ ነበር።

ለማን የቱ?

ቤት ውስጥ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሽማግሌ ካለ የሰፈር ሱቅ መሠረቱ ይሁን። ለጎደለው ወጣቱ ልጅ በሳምንት አንዴ አፕ ላይ ያዝዝ። ሽማግሌው ሱፐርማርኬት ባይገባ ይመረጣል፣ ጉሊቷ ጋ ግን ማስክ አድርጎ ብቅ ቢል አልከለክለውም። ቤት ተዘግቶ መክረምም የራሱ በሽታ አለው።

ደመወዙ ከወር ወር ለማይደርስለት ሰው አፕ ቅንጦት ነው፣ እውነቱን እንነጋገር። ለእሱ የሚሻለው ከሦስት አራት ጎረቤት ጋር ተዋጥቶ አንድ ሰው ገበያ መላክ ነው። በየተራ። አራት ሰው መውጣቱ ቀርቶ አንድ ይወጣል፣ የታክሲውም ወጪ ለአራት ይከፈላል። የግቢያችን ሰዎች ሁለት ወር ያህል እንዲህ አድርገናል። የተጣላነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በሽንኩርት መጠን።

ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር፣ ከቤት የሚሠራ ወጣት አፕ ይመቸዋል። ከታመመና ራሱን ከሰው ከለየ ግን አፕ አይበቃውም። እቃውን በር ላይ አስቀምጦ የሚደውልለት አንድ የሚያውቀው ሰው ያስፈልገዋል። ይሄን ሰው ሳይታመም በፊት ይምረጥ።

ስልክ፣ ጫማ፣ የቤት እቃ ለሚፈልግ ቴሌግራም፣ ከላይ በጠቀስኳቸው ማጣሪያዎች። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ትንሽ ይሁን። ቢበሉት የማይቆጨው ያህል።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ለበዓል በጉን ላኩ፣ ለየወሩ አስቤዛ ግን ለሰፈሩ ባለሱቅ ሂሳብ መላክ ይቀላል። አክስቴ አሁን እንዲያ ነው የምታደርገው። በወር መጀመሪያ ለባለሱቁ ይገባለታል፣ እማዬ እየደወለች ትጨርሰዋለች።

ሽንኩርቷን ግን አሁንም ጉሊት ወርዳ ራሷ ትመርጣለች። እያንዳንዱን እያገላበጠች።